በምጥ ጊዜ ኤፒዱራል ከተሰጠ በኋላ የሚመጣ ትኩሳት፦ ከመርፌው ነው ወይስ ከኢንፌክሽን?

ጥያቄ
የለገጣፎዋ እናት

የተከበራችሁ አንባብያን፣ በሙያው ውስጥ ያላችሁም ሆነ በዚሁ መንገድ ያለፋችሁ እናቶች፣ ከዓመት በፊት የገጠመኝን ዘርዝሬ ልጠይቃችሁ ወደድኩ። መኖሪያዬ ከለገጣፎ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ከተማ መሀል በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ሲሆን፣ ሌሊቱን ቤት አምጬ ንጋት ላይ ደረስኩ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ በወገቤ በኩል ኤፒዱራል የሚባለው የምጥ ሕመም ማስታገሻ ተሰጠኝ። ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ቀለለኝ፤ እንዲያውም ለጥቂት ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ግን መንቀጥቀጥ ጀመረኝ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ቃል ማውጣት ሲያቅተኝ አማቴ የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ከብርድ ልብሱ ላይ ደረቡልኝ። ነርሷ ብብቴ ሥር መለኪያ ብታስገባ ሙቀቴ 38.2 ሆኖ ተገኘ። እጄን ስነካው ደረቅና የሚያቃጥል ነበር፤ እኔ ግን የሚሰማኝ ብርድ ነው። ሐኪሙ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል ብሎ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ አዘዘልኝ። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገልኩ፤ ወዲያውም አለቀሰ። ይሁን እንጂ ብዙ ሳላቅፈው ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወሰዱትና ሁለት ቀን መድኃኒት ሲወስድ ቆየ። ላየው ስሄድ ያቺ ትንሽ እጁ እንዳትታጠፍ በካርቶን ቁራጭ ላይ በፕላስተር ታስራ ነበር። ከደሙ ምርመራ ምንም ዓይነት ጀርም አልተገኘም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊሉኝ የመጡ ዘመዶች ልጁን ሳያዩ ተመለሱ።

አማቴ እስከ ዛሬ ድረስ «መርፌው በከፈተው በኩል ብርድ ገብቶብሽ ነው፤ ምች ነው የመታሽ» ይላሉ። ሆስፒታሉም ከ«ሊሆን ይችላል» ያለፈ ማብራሪያ አልሰጠኝም። አሁን ታናሽ እህቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ኤፒዱራል ልትወስድ ትፈልጋለች፣ የእኔን ታሪክ ስታስታውስ ግን ትፈራለች። ትኩሳቱን ያመጣው መርፌው ነውን? ከሆነስ ልጄ ያን ሁሉ መድኃኒት የወሰደው በከንቱ ነበር ማለት ነው? ለእህቴ ምን ብዬ ልምከራት?


መልስ
ሰመመን ሰጪ

ልጅዎ በጤና በማደጉ ደስ ብሎኛል። በምጥ ክፍል ለብዙ ዓመታት የሠራሁ ሰመመን ሰጪ ነኝ። ጥያቄዎ በእኛም ሙያ ገና ሙሉ በሙሉ ያልተቋጨ ስለሆነ፣ የተረጋገጠውን ካልተረጋገጠው ለይቼ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። በአገራችን «የወገብ መርፌ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ለኦፕራሲዮን አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚያበቃውን ነው። ያ መርፌ የህብለ ሰረሰሩን ሽፋን አልፎ ውሃው ውስጥ የሚገባ ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ የእናቲቱ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ኤፒዱራል ግን ከሽፋኑ ውጪ ባለው ክፍተት ቀጭን ቱቦ ተትቶ፣ እንደ ቡፒቫኬይን ያለ ማደንዘዣ በአነስተኛ መጠን፣ ብዙ ጊዜም ፌንታኒል ከተባለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ጋር ተደባልቆ፣ ምጡ እስኪያበቃ ድረስ ለሰዓታት የሚሰጥበት ዘዴ ነው። ትኩሳት የሚታየው በዚህ በረጅሙ መንገድ ነው።

ነገሩ በእርስዎ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት ኤፒዱራል የወሰዱ ምጥ ላይ ያሉ እናቶች ሙቀት በሰባት ሰዓት ውስጥ ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ቀስ እያለ እንደሚጨምር፣ ያልወሰዱት ግን ባለበት እንደሚቆይ አሳየ። በ1997 በቦስተን የመጀመሪያ ልጃቸውን በወለዱ እናቶች ላይ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩሳት ኤፒዱራል ከወሰዱት በ14.5 በመቶው፣ ካልወሰዱት ግን በ1 በመቶው ብቻ እንደታየ አስፍሯል። እርስዎ ሙቀቱ የወጣው ከመርፌው በኋላ በሰባተኛው ሰዓት ነው ብለዋል፤ ይህ እኛ በሥራ ከምናየው ጋር ይገጥማል። በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሰዓታት ብዙም አይታይም፤ ምጡ በተራዘመ ቁጥር ግን ዕድሉ እየሰፋ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው ሊያነሳው የሚገባ ጥያቄ አለ። ኤፒዱራል የምትጠይቀው ምጧ የከበደና የረዘመ እናት ናት፤ የረዘመ ምጥ ደግሞ በራሱ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ስለዚህ ትኩሳቱ የምጡ እንጂ የመርፌው ላይሆን ይችላል። ይህን ለመለየት እናቶች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ኤፒዱራል፣ ግማሾቹ ሌላ ማስታገሻ የወሰዱባቸው ጥናቶች ተደርገዋል። በእነዚያም ቢሆን የትኩሳቱ ልዩነት በግልጽ ታይቷል። ስለዚህ መርፌው ድርሻ አለው ብለን በልበ ሙሉነት እንናገራለን።

እንዴት እንደሚያመጣው ግን ክርክሩ አልቆመም። ቀድሞ ይታሰብ የነበረው የሙቀት መውጫው ስለሚዘጋ ነው የሚል ነው፤ ከወገብ በታች ላብ ይቀንሳል፣ ሕመሙ ስለጠፋም በኃይል መተንፈሱ ይቆማል፣ በዚህም ይወጣ የነበረው ሙቀት ውስጥ ይቀራል። ይህ የተወሰነ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ዛሬ የበለጠ ሚዛን የሚደፋው ማብራሪያ ግን ያለ ጀርም የሚመጣ የሰውነት መቆጣት ነው። ትኩሳት በሚይዛቸው እናቶች ደም ውስጥ ኢንተርሉኪን-6 የተባለው፣ ሰውነት ሲቆጣ የሚለቀው ንጥረ ነገር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ጀርም ግን በአብዛኛዎቹ አይገኝም። ለዚህ ጠንካራ ማስረጃ የሚሆነው በ2014 የታተመው ጥናት ነው፦ 400 እናቶች ኤፒዱራል ከመውሰዳቸው በፊት ግማሾቹ አንቲባዮቲክ፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ተሰጣቸው፤ በሁለቱም ወገን ከአሥሩ ወደ አራቱ ትኩሳት ያዛቸው። ዋናው ምክንያት ጀርም ቢሆን ኖሮ አንቲባዮቲኩ በቀነሰው ነበር።

ስለ አማትዎ አባባል፦ በመርፌው ቀዳዳ ብርድ አይገባም፤ ቀዳዳው እጅግ ጠባብ ነው፣ ቱቦውም ላዩ ላይ በፕላስተር ይሸፈናል። ነገር ግን አማትዎ ያዩት መንቀጥቀጥ እውነተኛ ነው። ኤፒዱራል በራሱ ያንቀጠቅጣል፤ ከዚያም በላይ ሰውነት ሙቀቱን ወደ ላይ ሊያደርስ ሲፈልግ ጡንቻዎችን ያንቀጠቅጣል፤ ለዚህ ነው እጅዎ እያቃጠለ ብርድ የተሰማዎት። መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጋቢ ከመደረቡ በፊት ሙቀት መለካት ይቀድማል።


መልስ
የሁለት ልጆች እናት ከሱሉልታ

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሳነብ የራሴን ሌሊት አስታወስኩ። እኔ ሁለቱንም የወለድኩት በኤፒዱራል ነው። በመጀመሪያው አሥራ አንድ ሰዓት ቆይቶብኝ ሙቀቴ 37.9 ደርሶ ነበር። በሁለተኛው ግን መርፌው በተሰጠኝ በሦስት ሰዓት ውስጥ ወለድኩ፤ ሙቀቴም ምንም አልተነቃነቀም። ሰመመን ሰጪው ስለ ምጥ ርዝመት የጻፉትን ሳነብ ነው ምክንያቱ የገባኝ። እህትሽ የመጀመሪያዋ ከሆነ ምጧ ሊረዝም እንደሚችል አስባ መዘጋጀት ያለባት ይመስለኛል።

አንድ የምጠይቀው አለኝ፦ አስቀድሞ ፓራሲታሞል በመዋጥ ትኩሳቱን መከላከል አይቻልም? ጎረቤቴ እንደዚያ አድርጊ ብላኝ ነበር።


መልስ
ሰመመን ሰጪ

አይቻልም፤ ተሞክሮ ነበር። ፓራሲታሞል ቀድሞ በየአራት ሰዓቱ የተሰጣቸው እናቶች ካልተሰጣቸው እኩል ትኩሳት ይዟቸዋል። ትኩሳት ከመጣ በኋላ ሐኪም ሊያዘው ይችላል፤ ቤት ውስጥ አስቀድሞ መዋጥ ግን መለኪያው ላይ የሚታየውን እውነት ሊሸፍን ስለሚችል አልመክርም። ስቴሮይድ (የሰውነትን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት) በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ትኩሳቱን በእርግጥ ቀንሶታል። ይሁን እንጂ በዚያ ጥናት ከተወለዱት ሕፃናት መካከል በደማቸው ባክቴሪያ የተገኘባቸው በዝተው ስለተገኙ ለመከላከያነት ጥቅም ላይ አልዋለም።


መልስ
አዋላጅ ነርስ ከሰበታ መስመር

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው። ሆኖም «ከመርፌው ነው» የሚለው ቃል በምጥ ክፍል ውስጥ ሲለመድ የሚያመጣውን አደጋ በዓይኔ ስላየሁ፣ በሌላኛው ወገን ያለውን ማስቀመጥ ግዴታዬ ነው።

የምሠራው በከተማው ዳርቻ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። እኛ ጋ ኤፒዱራል አይሰጥም፤ የሚፈልጉ እናቶች ወደ መሀል ከተማ ይሄዳሉ። ትኩሳት ግን እኛም ጋ አለ፤ መነሻውም ኢንፌክሽን የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የእንሽርት ውሃ ፈስሶ ብዙ ሰዓት ሲቆይ ማህፀን ውስጥ የሚፈጠር ኢንፌክሽን አለ፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አለ፤ ቆላ ወላጆቿ ዘንድ ከርማ በቅርቡ የመጣች ከሆነች ወባ ሊሆን ይችላል፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ብቻ ይህን መርሳት አይገባም። ኤፒዱራል የወሰደች እናት ከእነዚህ ሁሉ ነፃ አይደለችም። ችግሩ ደግሞ በአልጋዋ አጠገብ ቆሞ የመርፌውን ትኩሳት ከኢንፌክሽን በእርግጠኝነት የሚለይ ምርመራ አለመኖሩ ነው። ነጭ የደም ሕዋስ ኢንፌክሽን ባይኖርም በምጡ ምክንያት ብቻ ሊጨምር ይችላል፤ የደም ካልቸር (ደሙ ውስጥ ጀርም ይበቅል እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ) ውጤት ደግሞ ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው የሚደርሰው።

ስለዚህ የምናደርገው ምልክቶችን አንድ ላይ ማየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው የምጥ ክትትል መመሪያ ሙቀት 37.5 ሲደርስ፣ የእናቲቱ የልብ ምት በደቂቃ 120 ሲደርስ፣ የጽንሱ ደግሞ 160 ሲደርስ ባለሙያው ንቁ እንዲሆን ያዛል። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እንዳሰፈረው፣ 39 ዲግሪ አንድ ጊዜ እንኳ ከተለካ በማህፀን ውስጥ ኢንፌክሽን እንዳለ ተጠርጥሮ ይታከማል፤ ከ38 እስከ 38.9 ከሆነ ከ30 ደቂቃ በኋላ ተደግሞ ይለካል፣ ከዚያም የጽንሱ ልብ ምት መፍጠን፣ ከማህፀን በር የሚወጣ መግል ወይም የነጭ የደም ሕዋስ መብዛት አብሮት ካለ እንደ ኢንፌክሽን ይቆጠራል። መጥፎ ሽታ ያለው ውሃ ካየሁ እኔ ሌላ ምልክት አልጠብቅም።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእንሽርት ውሃሽ የፈሰሰው ስንት ሰዓት ላይ ነበር? ጽሑፍሽ ውስጥ አላገኘሁትም፤ መልሱን ግን ይህ ሰዓት ሊለውጠው ይችላል።


መልስ
የለገጣፎዋ እናት

ጥያቄዎን ሳነብ ደነገጥኩ። ምክንያቱም እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም፤ እኔም አስፈላጊ መሆኑን አላወቅኩም። ከሌሊቱ 4 ሰዓት ገደማ ልብሴ ረጥቦ ነበር። ብዙ ስላልነበረ ሽንት ያመለጠኝ መስሎኝ ልብስ ለውጬ ተኛሁ። ከዚያ በኋላም ጠብ ጠብ ይል ነበር። ሆስፒታል ስገባ «ውሃው ፈሷል?» ሲሉኝ «አዎ» ብቻ አልኩ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልተባባልንም።


መልስ
አዋላጅ ነርስ ከሰበታ መስመር

ስለነገርሽን አመሰግናለሁ፤ ጥፋቱም ያንቺ አይደለም፣ መጠየቅ የነበረብን እኛ ባለሙያዎቹ ነን። ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ ማግስቱ ምሽት 12 ሰዓት 20 ሰዓት ነው። እኛ ከ18 ሰዓት ያለፈን ለጨቅላው ኢንፌክሽን አጋላጭ አድርገን እንይዘዋለን። ስለዚህ ትኩሳትሽ በሰባተኛው ሰዓት መምጣቱ ወደ ኤፒዱራሉ ያመለክታል፣ የውሃው መቆየት ደግሞ ወደ ኢንፌክሽን ያመለክታል፤ ሁለቱም አብረው ሊሆኑም ይችላሉ። በዚያ ሰዓት እኔም ብሆን አንቲባዮቲኩን እጀምርልሽ ነበር።


መልስ
የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ

«ልጄ ያን ሁሉ መድኃኒት የወሰደው በከንቱ ነበር?» ለሚለው ልመልስ። ይህን ጥያቄ እናቶች በየሳምንቱ ይጠይቁኛል፤ እያለቀሱ የሚጠይቁኝም ብዙ ናቸው።

ጽንስ በማህፀን ውስጥ ሳለ ከእናቱ ወደ ግማሽ ዲግሪ ገደማ የበለጠ ይሞቃል። የእናቱ ሙቀት ሲጨምር የእርሱም አብሮ ይጨምራል፤ ልቡም ይፈጥናል። እናቱ ትኩሳት ኖሯት የተወለደ ሕፃን ሰውነቱ ላላ ያለ፣ ለመተንፈስ ትንሽ እርዳታ የሚፈልግ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ትኩሳቱ ከጀርም ባይሆንም ይታያል፣ በተለይ ሙቀቱ ከፍ ሲል። አብዛኛዎቹ ቶሎ ይስተካከላሉ። ልጅዎ እንደተወለደ ማልቀሱ ጥሩ ምልክት ነበር።

ሆኖም አዲስ የተወለደ ሕፃን ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ሲገባ መጀመሪያ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ጠዋት ጡት ሲጠባ የነበረ ከሰዓት በኋላ ይደክማል። ስለዚህ ስጋት ሲኖር ደሙን ለካልቸር እንወስድና ውጤቱን ሳንጠብቅ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን የተባሉትን አንቲባዮቲኮች እንጀምራለን፤ ወደ 48 ሰዓት ገደማ ጀርም ካልበቀለና ሕፃኑ ደህና ከሆነ እናቆማለን። የልጅዎ ሁለት ቀን ይህ ነው። ውሃው 20 ሰዓት የቆየ ከሆነ እኔ ከንቱ ነበር አልልም።

ይህ ማለት ግን ችግር የለም ማለት አይደለም። ከላይ በተጠቀሰው የቦስተን ጥናት ኤፒዱራል ከወሰዱ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት 34 በመቶው ለኢንፌክሽን ተመርምረዋል፤ ካልወሰዱት ግን 9.8 በመቶው ብቻ። ኢንፌክሽን ኖሮባቸው የተገኙት ግን በሁለቱም ወገን እጅግ ጥቂት ነበሩ። ብዙ ጤነኛ ሕፃናት በዚህ ትኩሳት የተነሳ ይወጋሉ፣ ከእናታቸው ይለያሉ ማለት ነው። ካኑላ (መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) ያለበትን ሕፃን እናቱ አቅፋ ማጥባት ትችላለች፤ የሚከለክል ምክንያት ከሌለ ይህን ጠይቁ። እኔ በምሠራበት ክፍል እናቲቱ መቀመጥ እንደቻለች እናመጣታለን።


መልስ
ሰመመን ሰጪ

የውሃው ሰዓት ከታወቀ በኋላ የእኔንም መልስ ማስተካከል አለብኝ፤ የእርስዎን ትኩሳት ሙሉ በሙሉ በመርፌው ላይ አላስቀምጥም። ለእህትዎ ግን ኤፒዱራልን አትውሰጂ ብዬ አልመክርም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ባወጣው ምክር፣ ማስታገሻ ለምትጠይቅ ጤነኛ ነፍሰ ጡር ኤፒዱራል አንዱ አማራጭ እንደሆነ አስቀምጧል። ይልቅስ ከሁሉም አስቀድማ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ሙቀቷ እንዲለካና እንዲጻፍ ትጠይቅ። 37.8 ሆና የጀመረችና 36.6 ሆና የጀመረች እናት ከሰባት ሰዓት በኋላ 38.2 ቢደርሱ፣ ለእኔ ታሪካቸው አንድ አይደለም። ከመርፌው በፊት የጀመረን ትኩሳት ማንም በመርፌው ሊያሳብብ አይችልም። ይህ መነሻ ቁጥር በብዙ ካርዶች ላይ ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ።


መልስ
አዋላጅ ነርስ ከሰበታ መስመር

በዚህ ላይ የምጨምረው ከቤት ስለሚወጣበት ሰዓት ነው። ከዳርቻ ወደ መሀል ከተማ ለመድረስ መንገዱ አንዳንድ ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ የመጀመሪያው መረጃ የሚጠፋውም በዚያ መካከል ነው። ልብሷ ረጠብ ካለ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሰዓቱን ትጻፍ፤ ቀለሙንና ሽታውን ትመልከት፤ ምጥ ባይጀምራትም ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። አጠገቧ የምትቀመጥ እናት ወይም እህት ደግሞ ሲያንቀጠቅጣት ልብስ ከመደረቧ በፊት ባለሙያ ትጥራ።


መልስ
የለገጣፎዋ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያኔ ከሆስፒታል ስወጣ የተሰጠኝን ወረቀት ትናንት ማታ ፈልጌ አገኘሁት። ኤፒዱራል የተሰጠበት ሰዓት ተጽፏል፤ 38.2 ተጽፏል፤ ስገባ የተለካ ሙቀት የሚለው ቦታ ባዶ ነው፣ ውሃው የፈሰሰበት ሰዓትም የለም።

መልሶቻችሁን ለአማቴ አነበብኩላቸው። ስለ ጋቢው ሲሰሙ ዝም አሉ፤ ቀጥለውም «ታዲያ እኔ ልሸፍንሽ ብዬ ነው እኮ» አሉኝ። እቅፍ አድርጌያቸው ይህን እንደማውቅ ነገርኳቸው። ለእህቴም ምጥ ሲይዛት አብረዋት እንደሚገቡ ነግረውኛል፤ መለኪያውን እንዴት እንደሚያነቡ እንዳሳያቸውም ጠየቁኝ። ከአያት አደባባይ አንድ የሙቀት መለኪያ ገዝቼ መጥቻለሁ። በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር አሰመርኩ፦ ውሃው የፈሰሰበት ሰዓት፣ ከመርፌው በፊት ያለው ሙቀት፣ መርፌው የተሰጠበት ሰዓት። እህቴ ወረቀቱን አጥፋ በእርግዝና ክትትል ካርዷ ውስጥ አስቀምጣዋለች።